በደጀን ባለቤቴን ላከመችው ነርስ ምስጋና፣ ለመንገደኞችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ከዓባይ በረሃ ወጥታችሁ ደጀን የምትገቡ መንገደኞች፣ በተለይም ከውጭ አገር መጥታችሁ ሕመምተኛ ይዛችሁ የምትጓዙ፣ በከተማዋ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ እንዳለች እወቁልኝ። ስሟን እንድጽፍ አልፈቀደችልኝም፤ «እትዬ፣ ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ ስሟን ትቼ ያደረገችልንን እጽፋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ብቸና ነው። ኑሮዬ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ በስዊድን ሆኗል፤ ባለቤቴም የዚያው አገር ሰው ነው። ሁለታችንም ጡረታ ስንወጣ አልጋ፣ ምድጃና ማጠቢያ ያላትን፣ ካምፐር የሚሏትን መኪናችንን በመርከብ እስከ ሞምባሳ ልከን፣ ኬንያን አቋርጠን በሞያሌ በኩል ገባን። ኬንያ በግራ፣ እኛ ደግሞ በቀኝ የምንነዳ በመሆናችን ሞያሌ ላይ መስመር መቀየር ግድ ነውና የባለቤቴ ጭንቀት ሁሉ ስለ መንገዱ ነበር። በእግሩ ላይ የጀመረውን ነገር አላወቀውም። ስኳር ለብዙ ዓመታት የቆየበት ሰው የእግሩ ስሜት እየደነዘዘ ስለሚሄድ፣ ጫማው አውራ ጣቱን ልጦ ሲያቆስለው ሕመሙ አልተሰማውም፤ እኔ ካልሲው ላይ እርጥበት አይቼ ሳስወልቀው ቁስሉ መግል ይዞ ነበር።

ደጀን ከመድረሳችን በፊት ስለ ታከምንባቸው ቦታዎች ስም መጥራት አልፈልግም፤ ነገር ግን የደረሰብንን ካልተናገርሁ የዚህች ልጅ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅልኝም። መስታወቱ የሚያብረቀርቅ አንድ የግል ሕክምና ቤት የባለቤቴን ፊት እንዳየ፣ እግሩን ገና ሳያይ፣ በዶላር ቅድሚያ ክፍያ እንድናስይዝ ጠየቀን። በአማርኛ ስናገር ገንዘብ ተቀባይዋ ደነገጠች፤ ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። በሌላ ከተማ የገባንበት ቦታ ደግሞ የስኳር መለኪያ ወረቀት አልቆባቸው ስለነበር የእኛን መሣሪያ ተቀብለው ለኩት፤ እኔንም «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» ብለው አስወጡኝ። መሣሪያው 14 አለ። የስዊድን መሣሪያ የሚቆጥረው በሚሊሞል ሲሆን በአገራችን የሚሠራበት ግን ሚሊግራም ነው፤ ሐኪሙ ይህን ሳይጠይቅ፣ 14ቱ ሚሊግራም መስሎት፣ ስኳሩ ለሞት በሚያደርስ ሁኔታ ወርዷል ብሎ ደመደመና ስኳር ያለበትን ግሉኮስ ሰቀለለት። ባለቤቴ በትኩሳት ተዳክሞ ስለነበር ሊያስረዳ ቢሞክርም የሚሰማው አላገኘም። ስኳሩ ቀድሞውንም ከፍ ብሎ ነበርና ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍነው አንባቢ ይገምተው። ጠዋት ቅሬታ ሳቀርብ ያገኘሁት መልስ «መሣሪያችሁ ተበላሽቷል» የሚል ነበር፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አልተነሣም።

በዚህ ሁኔታ ሳለን ነው ወደ ዓባይ የወረድነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ወደ ደጀን ይወጣል። በጋዝ የምትሠራው ፍሪጃችን መኪናዋ በዘነበለች ቁጥር ማቀዝቀዝ ትተዋለች፤ በበረሃው ሙቀት ኢንሱሊኑ ሊበላሽብን ነው ብዬ ጠርሙሶቹን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ በጭኔ ይዤ ነበር። ደጀን ስንደርስ ባለቤቴ መሪውን መያዝ አቅቶት ነበር። የአንድ ሆቴል ዘበኛ ግቢውን ከፍቶ መኪናችንን አስገባልንና፣ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያው ላከን። እርሱንም እግዚአብሔር ይስጠው።

ነርሷ በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቢኖር እግሩን ማጠብ ነው። ወንበር ስባ ከፊቱ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ ጫማውን ራሷ አወለቀች፤ ለብ ያለውን ውሃ በክርኗ ለካችና «ጋሼ ሙቀት ስለማይሰማቸው በእሳቸው እግር አይለካም» አለችኝ። ከዚያም በጣቶቹ መካከል እያየች፣ ቁስሉ በሌለበት እግር እንኳ ሳይቀር፣ በዝግታ አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችለት። እናቴ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ቤታችን ሲገባ ገበቴ አቅርባ እግሩን ታጥብ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ለባለቤቴ ብዙ ጊዜ ያወራሁለት የጎጃም ወግ ነው፤ እርሱም ይህንኑ አስታውሶ ቀና ብሎ አየኝ። በሄድንባቸው ቦታዎች ሁሉ ያንን እግር በጓንትም ቢሆን የነካው ሰው አልነበረም።

ቀጥላ መሣሪያችንን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ለካችና 15 የሚል ቁጥር ስታይ መሣሪያውን ገልብጣ ጀርባውን አነበበች፤ «እትዬ፣ ይሄ የውጭው አለካክ ነው፤ በ18 ይባዛል» ብላ በካርዱ ጠርዝ ላይ 270 ብላ ጻፈች። በጤና ጣቢያው መሣሪያም ደግማ ለክታ አመሳከረች። ከየት እንዳወቀችው ስጠይቃት፣ ከካናዳ ዘመድ ጥየቃ የመጡ አንድ ሽማግሌ መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው እንደነበረና ያን ጊዜ ግራ ተጋብታ ጠይቃ እንደተረዳችው ነገረችኝ። ያን ያህል ነው። ግራ ሲገባት ጠየቀች፤ ያወቀችውንም አልረሳችውም። ግሉኮስ በሰቀሉለት ቦታ የጠፋው ይህ ብቻ ነበር።

ስለ መድኃኒቶቹና ስለ መርፌዎቹ ብዙ ማለት አልችልም፤ የተሰጠውን ተቀብለናል እንጂ ምንነቱን በቅጡ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ከአቅሟ በላይ የሆነውን አለመደበቋ ነው። ቁስሉ ወደ አጥንት ዘልቆ እንደሆነ በራጅ መታየት እንዳለበት ነግራን፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፈችልን፤ በስልክም ደውላ አሳወቀችልን። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት እናት ለማምጣት ወደ ገጠር ወጥቶ ስለነበር፣ የምታውቀውን ሹፌር ጠርታ መኪናችንን እንዲነዳልን አደረገች። አጥንቱ እንዳልተነካ ታይቶ፣ መድኃኒት ተጨምሮልን ወደ ደጀን ተመለስን፤ ቁስሉ እስኪደርቅ በእርሷ እጅ እንዲታጠብ ባለቤቴ ስለፈለገ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስትወጣ ወደ ሆቴሉ ግቢ እየመጣች መኪናችን ውስጥ ቁስሉን ታሽግለት ነበር። በመኪናዋ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ነበር የምትገባው። «ቤታችሁ አይደለም እንዴ?» አለችኝ፣ ተይው ልጄ ስላት። ለዚህ ድካሟ ገንዘብ ልሰጣት ብሞክር ፈጽሞ አልቀበልም አለች፤ ቡና ግን አንድም ቀን እምቢ አላለችም።

ከውጭ ለምትመጡ ደግሞ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ስላልሆንን የከፈልነው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ክፍያውም ቀደም ሲል ከተጠየቅነው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የጉዞ ኢንሹራንሳችን ያንን ገንዘብ እንዲተካልን ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ካለፈው ቦታ ያመጣነው ደረሰኝ በእኛ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ ስለነበር፣ ኢንሹራንሱ ሕክምናው ጉዞው ከመጀመሩ ከ7 ዓመት በላይ ቀድሞ የተደረገ ነው ብሎ መልሶብን ነበር። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያም የሕክምና ማስረጃውን በእንግሊዝኛ አዘጋጅታ፣ ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ ሰጠችን። በመድኃኒቱ ላይም ሰዓቱን በሁለቱም አጻፈፍ ጻፈችው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የሚለውን ከጎኑ 7 ብላ፣ ማታ 1 ሰዓት የሚለውን 19 ብላ። እኔ ባልኖር ባለቤቴ ብቻውን አንብቦ እንዲረዳው ማለቷ ነው። ሰው ሲታመም ብቻውን ሊሆን እንደሚችል ያሰበልን ሐኪም ከዚህ በፊት አላጋጠመንም። በዚህ ወረቀት ኢንሹራንሱ ያለ ምንም ጥያቄ ከፍሎናል።

ስለ ኢንሱሊኑም አልተወችንም። መብራትና ፍሪጅ የሌላቸውን የገጠር ሕመምተኞች እንደምታስተምረው፣ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ አድርገን፣ አሸዋውን አርጥበን፣ ጠርሙሶቹን በትንሽ ማሰሮ ከድነን መሐሉ ላይ እንድናስቀምጥና ጥላ ውስጥ እንድናቆየው አሳየችን። በበረዶ አጠገብ ያለ ኢንሱሊን ራሱ በረዶ ከሆነ እንደሚበላሽም አስጠነቀቀችን። ባለቤቴ መጀመሪያ ተጠራጥሮ ሙቀት መለኪያውን ማሰሮው ውስጥ ከትቶ ነበር፤ ሲያየው ዝም አለ። አሁን ብቸና እናቴ ቤት ደጃፍ ቆመን ይህን ስጽፍ፣ ከስዊድን በውድ የተገዛችው ፍሪጅ ቲማቲም ማስቀመጫ ሆናለች፤ ኢንሱሊኑ ከደጀን ገበያ በተገዛው ማሰሮ ውስጥ ነው። የባለቤቴ እግርም ድኗል፤ ከትናንት ወዲያ ከአጎቴ ጋር ጤፍ ማሳ ለማየት በእግሩ ሄዷል።

ስለዚህ ደጀን የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ሕመምተኛ ካላችሁ ከተማዋን ዝም ብላችሁ አትለፏት። ጤና ጣቢያው ገብታችሁ የእግር ቁስል የምታጥበውን ነርስ ብላችሁ ጠይቁ፤ ዘበኛው ያውቃታል። የስኳር መሣሪያ ይዛችሁ ከሆነ በሚሊሞል ይሁን በሚሊግራም እንደሚቆጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከመሣሪያው ጋር እሰሩት፤ ሁሉም እንደ እርሷ አገላብጦ አያነብምና። ከውጭ ስትመጡ ትርፍ የመለኪያ ወረቀት ብታመጡ መልካም ነው፤ ጤና ጣቢያው ከሚያልቁበት ነገሮች አንዱ ነውና፤ ለጤና ጣቢያው መሣሪያ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የአንዱ ለሌላው አይሠራም።

ደጀን ያላችሁና ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ እባካችሁ አንብቡላት። በሥራ ሰዓት ስልኳን አትከፍትም።