ፒችትሪ፣ ኦዱ ወይስ ኢአርፒኔክስት? የእህት ኩባንያዎችን ሂሳብ ለማጠቃለል ሶፍትዌር ለሚገዙ

ሰኔ ሲጋመስ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሦስት ድርጅት አለን፣ ኦዲተሩ የተጠቃለለ ሂሳብ አምጡ ብሎናል፣ የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» የሚል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ አብረውኝ የተማሩ ወይም አብረውኝ የሠሩ የሂሳብ ባለሙያዎች ስለሆኑ ሌጀርና ጆርናል ምን እንደሆነ ለማስረዳት አልደክምም። አቋሜን ከመነሻው ልናገር፤ የማደላው ለኢአርፒኔክስት ነው። ወደዚህ የደረስኩት ግን የምሠራበት ድርጅት በሌላ ግዢ 180,000 ብር ከከሰረ በኋላ ስለሆነ፣ የምጽፈው ከዚያ ኪሳራ በኋላ ያየሁትን ነው።

ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት ገንዘባቸውን ሳያወጡ የሚመለሱ ሰዎች ስላሉ እነሱን ላስቀድም። በአገራችን «እህት ኩባንያ» የሚባሉት አብዛኞቹ ባለቤታቸው አንድ ግለሰብ ወይም አንድ ቤተሰብ ነው እንጂ አንዱ ኩባንያ የሌላውን ድርሻ የያዘበት ሁኔታ የለም። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሥራ ላይ እንዲውል ያደረገው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ በቁጥር 10 የተጠቃለለ መግለጫ (ኩባንያዎቹን እንደ አንድ ድርጅት የሚያሳይ) የሚጠይቀው፣ አንድ ኩባንያ ሌላውን ኩባንያ በሚቆጣጠርበት ጊዜ ነው። አቶ እገሌ በስማቸው ሦስት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስላላቸው ብቻ የሚዘጋጅ የተጠቃለለ መግለጫ የለም። ባንኩ አጠቃላይ አቅማቸውን ማየት ከፈለገ ሦስቱን ትራያል ባላንስ (የሂሳብ ቀሪዎች ዝርዝር) በኤክሴል ጎን ለጎን አስቀምጦ የእርስ በርሱን ሂሳብ ማሰረዝ ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል አንድም ብር ለሶፍትዌር ማውጣት አያስፈልግም።

ወላጅ ኩባንያ፣ ማለትም የሌሎቹን ድርሻ የያዘ ኩባንያ፣ ያላቸው ግን ችግሩ የት እንዳለ በአንድ ደረሰኝ ላሳያቸው። በ2014 የበጀት ዓመት አስመጪው ድርጅታችን በ800,000 ብር ያስገባውን ዕቃ፣ ሙሉ ድርሻውን ለያዘበት ለጅምላ አከፋፋዩ ድርጅት በ1,000,000 ብር ሸጠለት። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ደረሰኙ 1,150,000 ብር ሆነ። አከፋፋዩ ሲከፍል በወቅቱ በነበረው በ2 በመቶ ምጣኔ 20,000 ብር ቅድመ ግብር አስቀርቶ 1,130,000 ብር አስተላለፈና በመዝገቡ ላይ ዕዳውን ዘጋ። አስመጪው ግን የቅድመ ግብሩ ደረሰኝ እጁ ስላልገባ 20,000 ብሯን ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ አቆያት። ሰኔ 30 ሲመጣ አንዱ «አለብህ» ይላል፣ ሌላው «የለብኝም» ይላል፤ ሁለቱም በየራሳቸው መዝገብ ትክክል ናቸው። በዚህ ላይ ከዕቃው 40 በመቶው ገና መጋዘን ውስጥ ስለነበረ፣ ከ200,000 ብሩ ትርፍ 80,000 ብር ያህሉ ከቡድኑ ውጪ ላለ ገዢ ያልተሸጠ፣ እውን ያልሆነ ትርፍ ነበር። ታክሱ ደግሞ በተቃራኒው አይሰረዝም፤ ሁለቱ ኩባንያዎች የየራሳቸው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስላላቸውና ሂሳባቸውም ከገቢዎች ጋር እንጂ እርስ በርስ ስላልሆነ፣ 150,000 ብሩን «አንዱ ከፍሏል፣ አንዱ ተቀብሏል» ብሎ የሚያጣፋ ሰው ተሳስቷል። ሶፍትዌር ሲመረጥ መታየት ያለበት ይህን የመሰለ ነገር በየወሩ ማሳየት መቻሉ እንጂ «ኮንሶሊዴሽን» (ማጠቃለያ) የሚል ቁልፍ መኖሩ አይደለም።

ፒችትሪን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ የሥራ ማስታወቂያው ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» እንደሚል ማንም ያየዋል። ሠራተኛ ለማግኘት ከሁሉም የሚቀልለው እሱ ነው፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። የሒሳብ ወቅቱን እንደፈለጉ መከፋፈል ስለሚፈቅድ ሐምሌን ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6፣ ነሐሴንና ጳጉሜን በአንድ ላይ አድርጎ መዝጋት ይቻላል፤ በዚህ ረገድ ከታች የማነሣቸው ሁሉ ያንሱታል። ኩባንያዎችን የሚያጠቃልለው መሣሪያ ግን ያለው ፕሪሚየምና ኳንተም በተባሉት ስሪቶቹ እንጂ ብዙው ሰው በሚጠቀምበት በኮምፕሊት ውስጥ አይደለም። ያለውም ቢሆን የየኩባንያውን የሌጀር ቀሪ ሰብስቦ አዲስ የማጠቃለያ ኩባንያ የሚፈጥር ነው፤ ስለዚህ ኦዲተሩ ከታች አንድ ጆርናል ባስተካከለ ቁጥር ማጠቃለሉን እንደገና ማስኬድ ያስፈልጋል። የእኛ ኦዲተር በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አራት ማስተካከያ ልኮልናል።

የፒችትሪ ትልቁ ጣጣ ግን ሶፍትዌሩ ሳይሆን ቅጂው ነው። በየቢሮው ያለው አብዛኛው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የተላለፈ ክራክ (ያለ ፈቃድ የተቀዳ) ነው፤ የእኛም እንደዚያው ነበር። አስመጪው በፒችትሪ 2010፣ አከፋፋዩ በ2013 ስሪት፣ የትራንስፖርት ድርጅቱ ደግሞ ባለሙያው ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ይዞት በመጣው ሌላ ስሪት ይሠሩ ነበር። በአዲሱ ስሪት የተቀመጠ ባክአፕ በአሮጌው አይከፈትም፤ የአሮጌው በአዲሱ ሲከፈት ደግሞ ተለውጦ ስለሚቀር ወደ ኋላ መመለስ የለም። ይህን ሳናውቅ የአስመጪውን ፋይል በአዲሱ ከፍተን ሠርተን፣ ሲመሽ የአስመጪው ሂሳብ ሠራተኛ የራሱን መዝገብ መክፈት አቃተው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይሉን የሚያንቀሳቅሰው ፐርቫሲቭ የተባለው ዳታቤዝ ይጎዳል፤ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት «ፋይል ሲስተም ኤረር» የሚል ጽሑፍ ይጠብቃል። ባለሙያ ሲጠራ አንድ ጊዜ 1,500 ብር፣ አንድ ጊዜ 3,000 ብር ከፍለናል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለጥገና ብቻ 26,000 ብር እንዳወጣን ያወቅሁት የወጪ ማዘዣዎቹን ስደምር ነው። «ነፃ» የምንለው ክራክ ይህ ነው። በሕጋዊ ፈቃድ የገዛው ሰው ግን ይህን ሁሉ ላያይ ይችላል፤ ሁለት ኩባንያ ብቻ ላለውና የእርስ በርስ ግብይቱ በወር ከአምስት ደረሰኝ ለማይበልጥ ሰው ሕጋዊ ፒችትሪና አንድ በጥንቃቄ የተሠራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቁታል።

ስለ ኩዊክቡክስ ብዙ አልልም። በኢንተርኔት የሚሠራው ስሪት ለእያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻው የሚከፈልበት ስለሆነ ሦስት ኩባንያ ማለት ሦስት ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ ማጠቃለሉም ያው ከኤክሴል አይርቅም።

ኦዱ በአሠራሩ ደስ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ሦስቱን ጎን ለጎን ስሞክር ሠራተኞቼ የወደዱት እሱን ነበር። ኩባንያዎቹን በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ይይዛል፤ አንዱ የሽያጭ ደረሰኝ ሲያወጣ ለሌላው የግዢ ደረሰኝ እንዲፈጠር ማድረግ ይቻላል። ሻጮች ቶሎ የማይናገሩት ግን ዋጋውን ነው። ነፃ የሆነው የኮሚዩኒቲ ስሪት ደረሰኝ ያወጣል እንጂ የተሟላ የሂሳብ መግለጫ የለውም፤ መግለጫው በሚከፈልበት ኢንተርፕራይዝ ውስጥ ነው። ከሚከፈልባቸው ዕቅዶች ደግሞ ርካሹ ብዙ ኩባንያ አያስተናግድም፤ ብዙ ኩባንያ የሚፈቅደው ከፍ ያለው ዕቅድ ነው። ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥርና በውጭ ምንዛሪ ስለሚሰላ፣ ለምሳሌ ያህል በሰው በወር 20 ዶላር ብንወስድ ለ12 ተጠቃሚ በዓመት 2,880 ዶላር ይሆናል። ይህ ዶላር በ57 ብር በነበረ ጊዜ 164,160 ብር ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ130 ብር ይመነዘር በነበረ ጊዜ 374,400 ብር ሆነ። ሶፍትዌሩ አንድ ነገር ሳይጨምር፣ ዋጋው በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። በጀቱን በብር የሚያጸድቅ ሥራ አስኪያጅ ይህን ዓይነት ክፍያ በየዓመቱ እንዲያስረዳ አላስገድደውም። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ከፍዬ እገላገላለሁ የሚልም አለ፤ ለግብር የሚያቀርበው በድርጅቱ ስም የተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለው ግን ያ ወጪ ከትርፉ አይቀነስለትም።

አሁን ወደ 180,000 ብሩ እመጣለሁ። የፒችትሪው ጣጣ ሲያስመርረን አንድ ሻጭ «በአገር ልጆች የተሠራ፣ ኮንሶሊዴሽን ያለው» ብሎ አንድ ሶፍትዌር አመጣልን። ዓርማው ያማረ ነበር፤ ክፍያውም በብር ስለሆነ ወደድነው። ዓመቱ ሲዘጋ የተጠቃለለውን መግለጫ ሳወጣ ያ የ1,000,000 ብር ሽያጭ በሽያጩም በግዢውም በኩል ሳይሰረዝ ቁጭ ብሏል፤ ቁልፉ የሚሠራው ሦስቱን ኩባንያዎች መደመር ብቻ ነበር። ሻጩን ስጠይቀው «ያንን ኦዲተሩ ያስተካክለዋል» አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ደረሰኝ ስመዘግብ ፕሮግራሙ ተሰናከለና በነጭ ገጽ ላይ ረጅም የስህተት ጽሑፍ አወጣ፤ በጽሑፉ መካከል «ፍራፔ» የሚል ቃል ደጋግሞ ተጽፏል። ፍራፔ ማለት ኢአርፒኔክስትን የሚሠራው የሕንድ ኩባንያ ነው። ሻጩ በነፃ የሚወርደውን ሶፍትዌር ዓርማውን ቀይሮ በተጠቃሚ ቁጥር አስከፍሎናል። ነፃ ሶፍትዌርን አስተካክሎ መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፈቃዱ ይፈቅደዋል፣ ገዢውም የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ የማግኘት መብት አለው። እኛን የጎዳን ሻጩ ስሪቱን ቆልፎት ስለነበር ማሻሻያ መጫን አለመቻላችንና የከፈልነው ገንዘብ ለሥልጠናም ለጥገናም አለመዋሉ ነው።

ስለዚህ ኢአርፒኔክስትን በራሱ ስም፣ ያለ ምንም የፈቃድ ክፍያ አስጫንነው። የወጣብን ለቢሮ ሰርቨር 95,000 ብር፣ ለዩፒኤስ 22,000 ብር፣ ሂሳቡንም ቴክኒኩንም ለሚያውቅ ባለሙያ 60,000 ብር፣ ከዚያ በኋላ በወር 4,000 ብር የክትትል ክፍያ ነው። ድምሩ የመጀመሪያ ዓመት 225,000 ብር መሆኑን አልደብቅም፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን 48,000 ብር ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ወይም ሠላሳኛ ተጠቃሚ ቢጨመር አይለወጥም።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወላጁ ኩባንያ «ግሩፕ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ልጆቹ ከእሱ ሥር ይፈጠራሉ፤ የሂሳብ መደቦቹም ከእሱ ይቀዳሉ። አዲስ መደብ የሚከፈተው ከላይ ብቻ ስለሆነ «የነዳጅ ወጪ» በአንዱ ኩባንያ 6120 በሌላው 6340 የሚሆንበት የድሮው ጣጣ ይቀራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ኩባንያ ለሌላው «የውስጥ ደንበኛ» እና «የውስጥ አቅራቢ» ሆኖ ይመዘገባል፤ የአስመጪው የሽያጭ ደረሰኝ ሲጸድቅ የአከፋፋዩ የግዢ ደረሰኝ ከእሱ ላይ ይወጣል። ያቺ የ20,000 ብር ልዩነት ድሮ በሰኔ 30 የምትገኘው ዛሬ በወሩ መጨረሻ ትታያለች። ማሰረዙን ግን እሱም ቢሆን በራሱ አይሠራውም። የሚሠራው ዘዴ ከወላጁ ሥር «ማሰረዣ» የሚል አራተኛ ኩባንያ ፈጥሮ የእርስ በርሱን ሽያጭና ግዢ፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ፣ የመጋዘኑን 80,000 ብር ትርፍ በዚያ በጆርናል መመዝገብ ነው። የተጠቃለለው ሪፖርት አራቱን በአራት ዓምድ ሲያወጣቸው ኦዲተሩ የተሰረዘውን በዓይኑ ያየዋል፤ የእኛ ኦዲተር ከሁሉም የወደደው ይህንኑ ነው። በትራንስፖርቱ ድርጅት የ40 በመቶ ድርሻ ያላቸው ከቡድኑ ውጪ የሆኑ ባለድርሻዎች ጥቅም ግን ዛሬም በኤክሴል ነው የሚሰላው።

ጉድለቱ የቀን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱን ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ይቀበላል፤ ወርኃዊ ሪፖርቱ ግን በፈረንጅ ወር ስለሚቆጥር የሐምሌን ሪፖርት የፈለገ ሰው ቀኑን በእጁ ማስገባት አለበት። ጳጉሜን አያውቃትም። የውጭ ባለሀብት ያለበትና ሂሳቡን በዲሴምበር 31 የሚዘጋ ተቀጥላ ኩባንያ ካለ ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አያድንም፤ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃው በወላጁና በተቀጥላው የመዝጊያ ቀን መካከል ከሦስት ወር የበለጠ ልዩነት ስለማይፈቅድ ያ ኩባንያ ለማጠቃለያው ሲባል በሰኔ 30 ሌላ መግለጫ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ አንብቦ ሌላ ሶፍትዌር ለመግዛት ለወሰነ ሰው፣ ሻጩ ለማሳያ ሲመጣ በራሱ ምሳሌ እንዲያሳይ አይፍቀድለት። ከላይ የጻፍኩትን የ1,150,000 ብር ደረሰኝ በፊቱ አስቀምጦ፣ 20,000 ብሯ የት እንደቀረች፣ 80,000 ብሩ ከመጋዘን እንዴት እንደሚወጣና 150,000 ብሩ ታክስ ለምን እንደማይሰረዝ በማያ ገጹ ላይ እንዲያሳየው ይጠይቀው፤ ቅድሚያ ክፍያ የሚፈረመውም ከዚያ በኋላ ይሁን። ጊዜውም ሐምሌ ነው፤ በጥር የተጀመረ ሶፍትዌር የስድስት ወር ሂሳብ ሁለት ጊዜ ያስመዘግባል።