«ሳር አያስፈልጋትም» ካሏችሁ አትግዙ

ቤታችሁ ጥንቸል ካለች፣ ወይም ልጆቻችሁ «ትገዛልን» እያሉ ከጨቀጨቋችሁ፣ ይህቺን አንብቧት። እኔ ለአንድ ከረጢት መኖ 1,400 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት። የሐኪሙን ሒሳብ ሳልጨምር ነው።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ጥጤ የምትባል ነጭ ጥንቸል አለችን። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት። ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ሁለት ኪሎ ትመዝናለች። ጥንቸል እንደምናሳድግ የሰማ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ «ልትበሏት ነው እንዴ?» ይላል፤ ቀጥሎ ያማትባል። ለምደነዋል።

እስከ ፋሲካ ድረስ አበላሏ እንደነገሩ ነበር። ከጉሊት የሰላጣ ቅጠል እናመጣለን። ሱሉልታ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በየወሩ አንድ ማዳበሪያ ድርቆሽ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። እሱ ሥራ ቀየረና ድርቆሹ ቀረ። በዚያ ላይ ድርቆሽ ቤት ያቆሽሻል። ምንጣፉ ውስጥ ይሰካል፣ ካልሲ ላይ ይለጠፋል፣ ባለቤቴ በየቀኑ መጥረጊያ ይዛ ታጉረመርማለች። እኔም በሆዴ «አሁን ይሄ ሳር ምን ቁም ነገር አለው? ወግ ያለው ምግብ ይገዛላት» እላለሁ።

ልክ በዚህ ሰዓት ነው ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያውን ያየሁት። «የተመጣጠነ የጥንቸል ምግብ። ሙሉ ነው። ሳር አያስፈልጋትም። ቤት አይቆሽሽም።» የመጨረሻዋ ቃል ገደለችኝ። ወዲያው ደወልኩ።

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ተቃጠርን። ልጁ በሞተር መጣ። ቢጫ ከረጢት ነው፣ ካሮት ያቀፈች ጥንቸል ተስላበታለች። ጀርባው ላይ «በቀን 3 ጊዜ ሳህኗን ይሙሉ» ይላል። ከዚህ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። ማን እንዳመረተው፣ መቼ እንደተመረተ፣ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ባዶ። በቴሌብር ላኩለት። «ደረሰኝስ?» ስለው ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሞኝ ነኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር። ከረጢቱ ሲንኮሻኮሽ ስትሰማ ጥጤ እየዘለለች ትመጣለች። ቢጫውንና ቀዩን እየመረጠች ትበላለች፣ አረንጓዴውን ትተዋለች። የቀረችውን ጭብጥ ድርቆሽ ዞር ብላም አላየቻትም። «አየሽ፣ ወደደችው!» አልኳት ባለቤቴን። ለካ ጥንቸልም እንደ ሕፃን ናት፤ ቅይጥ ነገር ከሰጣችኋት ጣፋጩን መርጣ ትበላና የሚጠቅማትን ትተዋለች። «የተመጣጠነ» የተባለው ምግብ ሳህኑ ላይ እንጂ ሆዷ ውስጥ አልተመጣጠነም።

በሁለተኛው ሳምንት ምልክቶች መጡ። እኔ ግን አላነበብኳቸውም። በጠጧ በፊት ድቡልቡልና ደረቅ ነበር፣ በጣት ስትጫኑት ሳር ሆኖ ይበተናል። አሁን ትንንሽ፣ ጥቁርና ጠንካራ ሆነ። ከኋላዋ ደግሞ የሚያጣብቅ፣ የሚሸት ነገር ፀጉሯ ላይ ተለጠፈ። ተቅማጥ መስሎኝ አጠብኳት። ሽንቷም ኖራ የተበጠበጠበት ይመስል ነጣ፤ ሲደርቅ ወለሉ ላይ ዱቄት ይተዋል።

አንድ ሐሙስ ማታ ሳህኗን ሞልቼ ሰጠኋት። አልነካችውም። ጥግ ይዛ ተኮራምታ ተቀመጠች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ጥርሷን ታፋጫለች። ልጄ «ብርድ ነው» ብላ ፎጣ አለበሰቻት። ሲነጋ የምትጸዳዳበትን ሣጥን አየሁ። አንዲት በጠጥ የለችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከጽሑፉ ሁሉ ይህቺን ብቻ ብትይዙም ይበቃኛል። ጥንቸል ግማሽ ቀን ያህል ካልበላችና ካልተጸዳዳች «ነገ ይሻላታል» የሚባል ነገር የለም። አንጀቷ ቆሟል ማለት ነው። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ የገባው ሁሉ ወደፊት ብቻ ነው መውጣት ያለበት። ከቆመ ጋዝ ይሞላታል፣ ያማታል፣ ስላመማት አትበላም፣ ስላልበላች ይብሱኑ ይቆማል።

እኔ ግን መጀመሪያ የሮጥኩት ሰፈር ወዳለ ፋርማሲ ነው። ሰውዬው በቅንነት ነው «የሕፃናት አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ትንሽ ስጣት» ያለኝ። ገዝቼው ኪሴ ውስጥ ነበር። ለእንስሳት ሐኪሟ ሳሳያት ዓይኗ ፈጠጠ። «ሰጥተዋታል?» አለችኝ። «አልሰጠኋትም» ስላት ነው የተነፈሰችው። ይህ መድኃኒት ለእኛ ልጆች ደግ ቢሆንም በአፍ ሲሰጥ የጥንቸልን የአንጀት ባክቴሪያ ይጨርሰዋል፤ ሊገድላትም ይችላል።

ሐኪሟ ፈሳሽ ሰጠቻት፣ የሕመም ማስታገሻ ወጋቻት፣ በሲሪንጅ የሚሰጥ የሳር ዱቄት በጠበጠችላት። እየሠራችም ታስረዳኛለች። «እንደ ትንሽ ፈረስ ይዩዋት» አለችኝ። ምግቡን የሚያብላላው ከኋላ ያለው ትልቁ ዕውር አንጀት ነው። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት ፋይበር ነው። ረጅሙ የሳር ጭራሮ ደግሞ አንጀቱን እየገፋ ያንቀሳቅሰዋል። እህል ሲበዛ ስታርቹ እዚያ ደርሶ ይብላላል፣ መጥፎዎቹ ባክቴሪያዎች ይፈላሉ።

ያ የሚያጣብቀው ነገርም ተቅማጥ አልነበረም። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ነው የምትጸዳዳው። አንዱ ደረቁ በጠጥ ነው። ሌላው ለስላሳ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ሲሆን እሱን በቀጥታ ከኋላዋ ወስዳ ትበላዋለች። ነውር እንዳይመስላችሁ፤ ፕሮቲኑና ቫይታሚን ቢው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እህል ሲበዛባት ግን ይላላል፣ እሷም ትተወዋለች፣ ፀጉሯ ላይ ይቀራል። እኔ ተቅማጥ ነው ብዬ ሳጥብ የነበረው ምግቧን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥጤ ሦስት በጠጥ ጣለች። ልጄ ቆጥራ እየጮኸች መጣች። በሕይወቴ እዳሪ አይቼ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ ንዴቱ መጣ። ከረጢቱን ይዤ ታች ወደሚኖሩት ጎረቤታችን ወደ እትዬ ወረድኩ። ለዓመታት ዶሮ ያረቡ ሰው ናቸው። ሰፌድ አመጡና ዘረገፉት። በመነጽራቸው አዩ፣ በጣታቸው በተኑ፣ አሸተቱ። «ይሄ እኮ የዶሮ መኖ ነው!» አሉ። መለየት ጀመሩ። ክክ በቆሎ አንድ ጥግ። ፉርሽካ ሌላ ጥግ። ጥቁሩን ስብርባሪ አንስተው «ፋጉሎ» አሉኝ፣ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ማለት ነው። ከዚያ ነጭ ጠጠር የሚመስል ነገር መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። «ይቺ የእንቁላሉን ቅርፊት የምታጠነክረው ናት፣ የኖራ ድንጋይ።» ቀይና አረንጓዴዎቹ ቀለም የተነከሩ የበቆሎ ቂጣ ስብርባሪ ነገሮች ናቸው። ሳር የሚባል አንዲት ዘለላ የለም። በእሳቸው ሚዛን ከነከረጢቱ የበላችውን ደምረን ብናሰላም ሁለት ኪሎ አይሞላም።

ነጩ ሽንት የተፈታው እዚያ ሰፌድ ላይ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ ብዙ ካልሲየም ያስፈልጋታል። የጥንቸል አንጀት ደግሞ ያገኘውን ካልሲየም ሳይመርጥ ይወስዳል፤ ትርፉ በሽንት ይወጣል። ሲበዛ ፊኛ ውስጥ ዝቃጭ፣ አልፎም ጠጠር ይሆናል። ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን በሽታ ለመከላከል ናራሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል። ለዶሮ መድኃኒት፣ ለጥንቸል መርዝ ነው። ከረጢቱ ላይ ምንም ካልተጻፈ እንዴት ይታወቃል?

ለሻጩ ደወልኩ። መጀመሪያ «ወንድም፣ አበዝተህ ሰጥተሃት ነው» አለኝ። «በቀን ሦስቴ ሙላ የሚለው ያንተ ከረጢት ነው» አልኩት። «እሱ ለትልልቆቹ ነው» አለ። ብሬን መልስ ስለው ስልኩን ዘጋ፤ ማታ ሳይ ቴሌግራሙም ብሎክ አድርጎኛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥና የዕቃውን ምንነት የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲለጥፍ ያዛል። እኔ ግን በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። በዚያ ሳቅ ጊዜ መሄድ ነበረብኝ።

እና ምን ትብላ ለምትሉኝ፣ ነገሩ ከከረጢቱ በጣም ይረክሳል።

ዋናው ድርቆሽ ነው። ከምትበላው አምስት እጅ አራቱ፣ ከዚያም በላይ፣ እሱ መሆን አለበት። በየቀኑ ገላዋን የሚያክል እቅፍ ስጧት፣ ሌሊትም አይለቅባት። ለሆድ ብቻ አይደለም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የፊቶቹ በሳምንት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። የሚሞርደው ሳር ማኘኳ ነው፣ በቆሎ አይሞርደውም። ድርቆሽ ስትገዙ አሽቱት። ደህናው ደስ የሚል ሽታ አለው፣ ትንሽ አረንጓዴነትም ይቀረዋል። የሻገተ፣ አቧራው የሚያስነጥስ ከሆነ ተዉት። የጤፍ ጭድ ጉሮሮ ይሞላል እንጂ ድርቆሽን አይተካም። ለቡና የሚጎዘጎዘውን ሳር መስጠት የሚያምራችሁም ትኖራላችሁ። ከየት እንደታጨደ ስለማይታወቅ እኔ አልሰጥም፤ የተረገጠውንማ በጭራሽ። እኔ አሁን ከብት ከሚያደልብ ሰው አንድ ቤል (የታሰረ ጥቅል) ድርቆሽ በ350 ብር ገዝቼ በረንዳ ላይ አስቀምጫለሁ። ጥጤን ከአንድ ወር በላይ ይዟታል።

ቅጠል በየቀኑ፣ አንድ ሁለት ጭብጥ፣ ከሁለት ሦስት ዓይነት። ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ፣ የካሮት ቅጠል። የጉሊቷ እናት የካሮቱን ቅጠል በነፃ ነው የሚሰጡኝ፣ «ለጥንቸልህ» እያሉ ይስቃሉ። ቆስጣ አልፎ አልፎ፣ ጥቅል ጎመን ጥቂት፣ ሆድ ይነፋልና። ደህና አድርጋችሁ እጠቡት፤ ከተማችን ውስጥ የሚሸጠው ቅጠል ብዙው በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅል መሆኑን አትርሱ። አዲስ ዓይነት ስታመጡ አንድ በአንድ አስለምዷት።

ካሮት? ሥዕሉ አያታልላችሁ። ስኳር አለው። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል በሳምንት ሁለቴ ትበቃለች፤ ሙዝም እንደዚያው። ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ቸኮሌት አይሰጣትም። ልጄ የእንጀራ ጠርዝ በድብቅ ታጎርሳት እንደነበር የተናዘዘችው በዚሁ ሰሞን ነው።

ፔሌት የሚባለው እንክብል መኖ ከተገኘ ክፋት የለውም። ግን ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የሚመረጥ ነገር አይኑርበት። ፋይበሩ ከ18 በመቶ የማያንስ መሆኑ ይጻፍበት። ልኩ ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ቢበዛ 25 ግራም በቀን ነው። ለጥጤ 50 ግራም ማለት ነው። ድርቆሽና ቅጠል በደንብ ካገኘች ጭራሹኑ ባይኖርም ትኖራለች። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ደግሞ ስድስት ወር ላልሞላት ግልገል ተዉላት፤ ለትልቋ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ይበዛባታል።

ያንን ቢጫ ከረጢት ገዝታችሁ እየሰጣችሁ ከሆነ በድንጋጤ በአንድ ቀን አትቁረጡት። ደህና እየበላች ከሆነ ድርቆሹን ሙሉላትና እህሉን በአሥር ቀን ውስጥ እየቀነሳችሁ አውጡት። መብላት ካቆመች ግን ይህንን ጽሑፍ ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

የተረፈኝን እትዬ ለዶሮዎቻቸው ወሰዱት። ዶሮዎቹ እንኳ ቀለም የተነከረውን እየተዉ ነው የበሉት። ትናንት በባለቤቴ ስልክ ቴሌግራም ላይ አየሁት። የቻናሉ ስም ተቀይሯል፣ ከረጢቱ አሁን ቀይ ነው፣ ዋጋው 1,650 ብር ገብቷል። ካሮት ያቀፈችው ጥንቸል ያቺው ናት።