ከ6,800 ብሩ የዳንቴል ፓኬጅ ተጠንቀቁ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ጡረታ የወጣችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ። «ቤትዎ ቁጭ ብለው በዳንቴል ገቢ ያግኙ» እያለ በቴሌግራም ስለሚዞረው ማስታወቂያ ነው የምጽፈው። እኔ ከፍያለሁ። 6,800 ብር። የጡረታ ብር ምን እንደምታህል ታውቃላችሁ።

ጥፋቱ የሥራው እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ልናገር። ታቲንግ ይባላል። ዳንቴል ነው፤ በኪሮሽ ግን አይሠራም። ጀልባ የምትመስል፣ ከጣት ብዙም የማትበልጥ መወርወሪያ አለችው። ክሩ እሷ ላይ ይጠቀለላል። ጫፉን ግራ እጃችሁ ላይ አዙራችሁ ቋጠሮ በቋጠሮ ትደረድሩና ስትስቡት ቀለበት ይሆናል። ቀለበት ከቀለበት እየተያያዘ የነጠላ ጫፍ፣ የትሪ ልብስ፣ ያሰባችሁት ሁሉ ይወጣዋል።

በኪሮሽ የአልጋ ልብስ ስሠራ ኖሬያለሁ። ያንን ግን ተሸክሞ ሚኒባስ መግባት አይቻልም። ይቺ በቦርሳ ኪስ ትገባለች። አዲስ አበባ ልጄ ጋ ስሄድ 130 ኪሎ ሜትሩን እየሠራሁ እደርሳለሁ። ባንክ ወረፋ ላይም፣ ጠዋት በር ላይ ፀሐይ ስሞቅም ከእጄ አትጠፋም። ድንገት ተጠርታችሁ ብትነሱ የሠራችሁት አይተረተርም፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ራሱን ይይዛል። እናቴ መንዝ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር እየፈተለች ነው ያሳደገችኝ። እጇን ባዶውን አይቼው አላውቅም። ጡረታ ስወጣ የፈራሁት እሱን ነበር፣ እጄ ባዶውን እንዳይቀር። ለዚህ ነው ማስታወቂያውን ሳይ ብዙ ሳልጠይቅ የከፈልኩት።

ፓኬጁ ሁለት መወርወሪያ፣ ስድስት ጥቅል ክር፣ የሁለት ቀን ሥልጠናና ሰርተፊኬት አለው። ትልቁ ማባበያ ግን «የሠራችሁትን ሁሉ ሜትሩን በ300 ብር እንረከባለን» የሚለው ነው።

ክሩ «ንጹሕ ጥጥ» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ቀለበቱን ልዘጋ በሳብኩት ቁጥር ይለጠጣል፤ ስለቀው ተመልሶ ይላላል። ቢቸግረኝ ጫፉን ቆርጬ ክብሪት ለኮስኩበት። ጥጥ ሲቃጠል የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ የሚቀረውም በጣት ሲነኩት የሚበን አመድ ነው። የኔው ቀለጠና ጫፉ ላይ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ደረቀ። ፖሊስተር ነው። ቁጥሩ ደግሞ 80። በዚህ ክር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል፤ ለጀማሪ 10 ወይም 20 ነው የሚስማማው። ስድሳ ዓመት ላለፈው ዓይን ቁጥር 80 ሰጥቶ «ተለማመዱ» ማለት ግፍ ነው።

የመወርወሪያዋ ሁለት ከንፈሮች ጫፍና ጫፋቸው ላይ ገጥመው መቆም አለባቸው። ክሩን በመሃላቸው ስታሳልፉት ቀጭ ይላል። የኔዎቹ ክፍት ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥኳት ቁጥር ክሩ ተፈትቶ ወለል ላይ አገኘዋለሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሥልጠናው ነው። የታቲንግ ምስጢሩ አንድ ነው። ቋጠሮውን መጀመሪያ የምታስሩት በመወርወሪያዋ ክር ነው። ከዚያ የግራ እጃችሁን ጣቶች ላላ አድርጋችሁ የመወርወሪያዋን ክር ወጠር ስታደርጉት ቋጠሮው ይገለበጥና በእጃችሁ ላይ ባለው ክር ይታሰራል። የመወርወሪያዋ ክር በመሃሉ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ካልተገለበጠ ይቆለፋል፤ ቀለበቱም አይዘጋም። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ያሳየን የለም። አሠልጣኟ ራሷ ቀለበት ስትዘጋ አላየሁም፤ ተሠርቶ ያለቀ ናሙና ነበር የምታዞርልን። ስለዚህ ብር ከመስጠታችሁ በፊት «አንድ ቀለበት እፊቴ ሥሪና ዝጊው» በሉ። የሚያውቅ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

መገልበጡን በኋላ ብቻዬን ታግዬ፣ ቪዲዮ እያየሁ ለመድኩት። የጥጥ ክር ገዝቼ አንድ ሜትር ጠርዝ ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ወስጄ ሳሳያቸው ገለጥ እንኳን ሳያደርጉት «ጥራቱን አያሟላም» አሉኝ። የማንንም ዳንቴል ተረክበው ያውቁ እንደሆነ አብረውኝ የሠለጠኑትን ጠየቅኩ። አንድም የተሸጠላት የለችም። እነሱ የሚኖሩት ከፓኬጁ እንጂ ከዳንቴሉ አይደለም።

ገንዘቤን መልሱ ስል «ነገ፣ ሰኞ፣ አለቃው ሲመጣ» እያሉ አመላለሱኝ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ደረሰኝም አልነበረኝም፤ ብሩን የላክሁት በግለሰብ ሂሳብ ነው። ከፍላችሁ ቀኑ ያላለፈባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ። የባንኩን ማረጋገጫና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙ፤ እኔ ሳላስቀር ቻናሉን አጥፍተውታል።

ለመጀመር ደግሞ ያን ሁሉ ብር አያስፈልግም። ጊዜው ካለፈበት ጠንካራ የፕላስቲክ ካርድ ትንሽ መወርወሪያ ቆርጣችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ክር ጠቅልሉባት። ለመማር ትበቃለች። ክሩንም ገበያ ለዳንቴል ከሚሸጠው ወፈር ያለውን ምረጡ፤ ብጣሽ ለምናችሁ በክብሪት ሞክሩት።

አብራችሁኝ የተበላችሁ እህቶች፣ የማይዘጋውን ቀለበት እንደያዛችሁ ኑ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤት ነኝ። ቡና እናፈላለን፣ መገልበጡንም ቁጭ ብዬ አሳያችኋለሁ።