የፎቶው አፍንጫ ወይስ የራስ አፍንጫ? ኦፕራሲዮን ለምታስቡ

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል። የመጨረሻዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የአንዲት ተዋናይት ፎቶ ላከችልኝና «እንደዚህ ብሠራ አያምርብኝም?» አለችኝ። አፍንጫው ቀጭን ነው። ጫፉ ሽቅብ ያያል። ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው። እኔም በ2021 ወደ ኢስታንቡል ስሄድ ስልኬ ላይ የያዝኩት ፎቶ ቁርጥ ይሄንኑ ነበር። ለእሷ የመለስኩላትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አፍንጫዬን ሁለት ጊዜ ተሠርቻለሁ። መጀመሪያ ለማማር፣ ቀጥሎ ለመተንፈስ።

ምርጫው ብዙ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው የፎቶው አፍንጫ ነው። አጥንቱ በደንብ ተሞርዶ ይቀጥናል፣ ከጎን ሲታይ ጎድጎድ ይላል፣ ጫፉ ይነሳል፣ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ይጠባል። ሁለተኛው የራስ አፍንጫ ነው። ጉብታ ካለው ጉብታው ይወርዳል፣ ጫፉ ካዘቀዘቀ ትንሽ ይደገፋል። ስፋቱ ግን ከፊታችሁ ጋር እንዲሄድ ይተዋል። እናቶቻችን «ሰልካካ» ብለው የሚያደንቁት ይሄኛውን ነው። እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ምረጡ እላለሁ። ከውበቱም በፊት በገንዘቡ ምክንያት።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። የኢስታንቡሉ ክሊኒክ 3,200 ዶላር አለኝ። ሆቴሉም ከኤርፖርት መቀበሉም እዚያ ውስጥ አለ። ቨርጂኒያ የጠየቅሁት ሐኪም ደግሞ ማደንዘዣውንና የኦፕራሲዮን ክፍሉን ጨምሮ 9,500 ዶላር ብሎኝ ነበር። ልዩነቱን ሳይ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ያላሰብኩት ግን ብዙ ነበር። ትኬት 1,040። ፊቴ አብጦ ስለነበር የጨመርኩት አንድ ሳምንት ሆቴል 420። ከሥራ ያለ ደመወዝ የቀረሁበት ሁለት ሳምንት 1,600። ድምሩ 6,260 ዶላር። አሁንም ከ9,500 ያንሳል ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

በ2023 ማስተካከያው መጣ። ለሐኪሙ 11,000፣ ለማደንዘዣ 1,900፣ ለክፍሉ 3,100። ከሥራ የቀረሁበት እንደገና 1,600። ይሄ ብቻውን 17,600 ዶላር ነው። ከመጀመሪያው ጋር 23,860። ያኔ እዚሁ አንዴ ብሠራ ኖሮ፣ የቀረሁበት ደመወዝ ተጨምሮ 11,100 ነበር የሚፈጀው። በከንቱ የወጣው 12,760 ዶላር መሆኑ ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከተማውን አልወቅስም። ኢስታንቡል ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። የከፋው የቅርጹ ምርጫ ነው። ክሊኒኩም ፎቶዬን አይቶ «ይሄ ላንቺ አይሆንም» አላለኝም። እሺ ብሎ ቆረጠ።

ለምን እንደማይሆን በኋላ ነው የገባኝ። ነገሩ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ሽቦ ላይ ነጠላ ብታሰጡ የሽቦው መስመር ይታያል። ጋቢ ብታሰጡበት አይታይም። የአፍንጫ ቆዳም እንደዚያው ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ቆዳዋ ስስ ስለሆነ ከሥሩ የተሠራው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የብዙዎቻችን ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ግን ወፈር ይላል። ሐኪሙ ከሥር የቱንም ያህል ቢያቀጥን ቆዳው አብሮ አይቀጥንም። እብጠቱም ቶሎ አይለቅም። አንድ ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነው፣ ቆዳው ወፍራም ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ቀጭን እንዲሆን ሲባል ለስላሳው አጥንት ከመጠን በላይ ከተወሰደ ደግሞ ቆዳው የሚያርፍበት ያጣል። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ።

የእኔም የገባው ቀኝ ጎኑ ነው። አየር ሳብ ሳደርግ ቀዳዳው ይዘጋ ነበር። ማታ ማታ አፌን ከፍቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ጉሮሮዬ ደርቆ እነሳለሁ። ይሄ ሁለት ዓመት ቆየ።

ማስተካከል ከመጀመሪያው ለምን እንደሚወደድም ልንገራችሁ። የተቆረጠ ለስላሳ አጥንት ተመልሶ አይበቅልም። ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ ነው፤ የእኔ ያኔውኑ አልቆ ስለነበር ከጆሮዬ ተወሰደ። ጆሮ ካልበቃ ከጎን አጥንት ይወሰዳል፣ ዋጋውም ሕመሙም ይጨምራል። በዚያ ላይ ጠባሳው እስኪለሰልስ ቢያንስ አንድ ዓመት ትጠብቃላችሁ። ጉብታውን ትንሽ ብቻ ያስቀነሰች ሰው ግን ካነሳት ሌላ ጊዜ ደግማ ማስቀነስ ትችላለች። ያጎደለችውን መመለስ ነው ችግሩ።

የቀዳዳዎቹን ግርጌ ማስቆረጥም እንደዚያው ነው። ጠባሳው እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ብሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከመጠን በላይ የጠበበ ቀዳዳን መልሶ ማስፋት ደግሞ ጎበዝ ሐኪሞችን ራሱ የሚያስጨንቅ ሥራ ነው።

ስለ ጫፉ ከፍታ አንድ ቁጥር ያዙ። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው ማዕዘን ለሴት ከ95 እስከ 110 ዲግሪ ቢሆን ያምራል ይባላል። ለወንድ ወደ 90 የቀረበ። ከዚያ ሲያልፍ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ቀዳዳው ይታያል። ወንድሞቼ፣ እናንተ በተለይ ሽቅብ ያየ ጫፍ አትጠይቁ።

«መጀመሪያ በፊለር ልሞክረው» የምትሉም አላችሁ፤ ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚወጋውን መሙያ ማለት ነው። ዋጋው ያታልላል። ጓደኛዬ አንዱን ዙር በ800 ዶላር ተወጋች። ከዓመት በኋላ ጠፋ፣ ደገመችው። በአምስት ዓመት 4,000 ዶላር ይሆናል። ደግሞ ፊለር ይሞላል እንጂ አይቀንስም። ሰፊ አፍንጫን አያጠብም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንላለን፣ እዚህ ላይ ነገሩ ከዚያም ይብሳል። የአፍንጫና የዓይን ደም ሥሮች ይገናኛሉ። ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፊለርን ለአፍንጫ አልፈቀደም። ከኢንተርኔት በ60 ዶላር የሚሸጠውንና ውበት ሳሎን ውስጥ የሚወጋውንማ አትጠጉት። የምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ማሟሟቱም አይቻልም። አፍንጫ ቆንጥጦ ያስተካክላል የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ አጥንት አይለውጥም። ቀይ ምልክት ትቶ ይሄዳል፣ ያው ነው።

ፎቶ ላይም ተጠንቀቁ። በ2018 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ከእውነተኛው ስፋቱ 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። የአክስቴ ልጅ «ሰፍቶብኛል» ያለችኝ በሰልፊ ነው። ሰው ሁለት ሜትር ርቆ በዙም እንዲያነሳት ነገርኳት።

ዋጋ ስትጠይቁ ሁሉን የያዘ ቁጥር በጽሑፍ ተቀበሉ። የአሜሪካ ፕላስቲክ ሰርጀኖች ማኅበር የሚጠቅሰው አማካይ 7,600 ዶላር ገደማ የሐኪሙ ብቻ ነው። ማደንዘዣውም ክፍሉም የለበትም። ማስተካከያ ቢያስፈልግ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ ኢንሹራንስ ለመልክ አይከፍልም፣ ትንፋሽ የሚከለክል ችግር በሰነድ ከተረጋገጠ ግን ያንን ክፍል ሊሸፍን ይችላል። እኔ ቀድሜ ፈቃድ ስላላስጠየቅሁ ቀረብኝ።

ቆዳዋ ስስ፣ ፊቷ ትንሽ ለሆነች ሴት ቀጠን ያለው ሊያምርባት ይችላል። አይቻለሁም። ግን ከጠየቁኝ ሰዎች እንደዚያ ያለች አንድ ብቻ ናት።

ማስተካከያውን የሠራልኝ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ ከ2021 በፊት የተነሳሁትን ፎቶ ነበር። ስልኬ ላይ አንድም አልነበረኝም። አስጠልቶኝ ሁሉንም አጥፍቼው ነበር። እህቴ የሠርጓን አልበም ገልብጣ አንድ ከጎን የተነሳሁት አገኘችልኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማለች፣ አፍንጫችን አንድ ነው። ሐኪሙ ያንን ፎቶ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ለጥፎት ሠራ።

ያንኑ ፎቶ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። የተዋናይቷን ትታ የራሷን ከጎን ተነስታ ላከችልኝ። ጉብታዋ ትንሽ ናት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢወርድ ይበቃታል። አሁን ሦስተኛ ሐኪም ዋጋ እስኪነግራት እየጠበቀች ነው።