ክሮም የተለበጠ የኦክስጅን ሬጉሌተር፦ ክረምቱንም በጋውንም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከሠራ በኋላ

ከሰኔ ጀምሮ ሁለት አንድ ዓይነት ሬጉሌተሮች (ሲሊንደሩ ላይ ታስረው የኦክስጅኑን ግፊት ለሥራ ወደሚሆን የሚቀንሱ) ሥራ ላይ ናቸው፤ አንዱ ደሴ ካለ ብየዳ ቤት፣ ሌላው ኮምቦልቻ ካለ ጋራዥ። የደሴው ዛሬም አዲስ ይመስላል፤ የኮምቦልቻው ቡግር አውጥቷል። ብዙ በያጅ የሚፈራው የደሴን ጉም ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ቀዝቃዛው ብረት ያልበዋል። ያ ግን ንጹህ ውሃ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ ልባጡን አይጎዳውም። የኮምቦልቻው የተሰቀለው ባትሪ ቻርጅ ከሚደረግበት ጠረጴዛ አጠገብ ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው ባትሪው ሲሞላ ከሚተነው አሲድ ነው። የሚያብረቀርቀው ክሮም ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች ነው፤ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችም አሉት። ዋናው ጋሻ ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው። አሲድና ክሎር ያለበት ነገር በስንጥቆቹ ገብቶ ኒኬሉን በነጥብ በነጥብ ይበሳል። በረኪና በነካ ጨርቅ መወልወልም የሚያመጣው ይህንኑ ነው።

ጉዳቱን በቅርብ ላየው ሰው ሬጉሌተሩ ከምን እንደተሠራም ይነግረዋል። ገላው ናስ ነው፤ ልባጡ በተበሳበት ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ ወጥቷል። መዘወሪያው ያለበት ቆብ ግን የዚንክ ቅይጥ ነው፤ እዚያ ልባጡ አብጦ ተነሥቷል፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰበራል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት አለ። ቆቡ ጋዝ ስለማይነካው ይህ መልክ ከማበላሸት አያልፍም። ገላው ራሱ እንዲህ ነጭ ዱቄት ካወጣ ግን ናስ አይደለም ማለት ነውና 150 ባር ግፊት ካለው ሲሊንደር ጋር አታገናኙት።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሬጉሌተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያስረው ዳዶ ጥርስና ሲሊንደሩ ላይ የሚቀመጠው ጫፍ ነው። ልባጥ በጥርስ ላይ ካለ በተፈታና በታሰረ ቁጥር ይላጣል፤ ፍርፋሪው መግቢያው ላይ ያለውን ማጣሪያ ይደፍናል፣ ካለፈም ቫልቩ ሲዘጋ የሚያርፍበትን መቀመጫ ይቧጭራል። ስለዚህ ስትገዙ መከላከያ ክዳኑን አንሱና ጥርሱን እዩ፤ ቢጫ ናስ ሆኖ የተተወው ይሻላል። ይህ ሞዴል ጥርሱን ሳይለብጥ ትቶታል፤ ለዚህ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። የዳዶው ማዕዘኖች ግን ተልጠዋል፤ ያም ልኩ የሆነ ቁልፍ እያለ በፒንሳ ስለተያዘ ነው።

መቀመጫው መጎዳቱን ለማወቅ የብየዳ ቶርቹን ቫልቮች ዝጉ፣ ከጌጁ ፊት ገለል ብላችሁ ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ የሥራ ግፊቱን 2 ባር ላይ አድርጉና 5 ደቂቃ ጠብቁ። የሥራ ግፊቱ ጌጅ መርፌ በራሱ ወደ ላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ጥገና እስኪያገኝ አይሠራበትም።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ንጹህ፣ ዘይት ያልነካው፣ በውሃ ረጠብ ያለ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። ብርጭቆ ወረቀትም ማወልወያ ቅባትም አያስፈልግም። ግራሶና ዘይት በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን ሲያገኙ ይቀጣጠላሉ፤ ይህ ሰው ይገድላል። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የኮምፕረሰር አየር ዘይት ይዞ ይመጣል፤ አቧራ ለማውጣት ብላችሁ መግቢያው ውስጥ አትንፉበት።

ቲታኒየም ለምን አይሆንም ለሚል፦ የባሕር ጠላቂዎች ሬጉሌተር አብዛኛው እንደዚሁ ክሮም የተለበጠ ናስ ነው፤ የቲታኒየምም አላቸው፣ ጨው አይበላውምና። ሆኖም ቲታኒየም በኦክስጅን ውስጥ በቀላሉ ስለሚነድ ኦክስጅኑ ከ40 በመቶ በላይ ለሆነ የመተንፈሻ ጋዝ ቅልቅል አይፈቀድም። ለእኛ ሥራ ጭራሽ አይታሰብም።

ባትሪ ወይም አሲድ ያለበት ጋራዥ ልባጥ የሌለውን ናስ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ይጠቁራል እንጂ አይላጥም። የተላጠውን ግን ባምፐር ክሮም የሚያደርጉ ቤቶች ጋ አትውሰዱ፤ የመለበጫው አሲድ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ገብቶ ይቀራል፣ በመቀመጫው ላይ የሚጨመረው ልባጥም ልኩን ያበላሸዋል።