ለቬሪዬን ፍለጋ በፓሪስ

ባለፈው ቅዳሜ ፓሪስ ውስጥ የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት አደረግኩ። ጉብኝቱ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቁ ኡርባን ለቬሪዬ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ስሙን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

መነሻው የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ነው፤ ሐውልቱ እዚያ ቆሟል። አስጎብኚዋ አረፈደች፤ 25 ደቂቃ ብርድ ላይ ጠበቅናት። መናገር ስትጀምር ግን ብርዱን ረሳሁት። ለቬሪዬ መጀመሪያ የኬሚስትሪ ሰው ነበር። በኋላ ዩራነስ ከተሰላለት መንገድ ለምን ይወጣል ብሎ ስሌት ውስጥ ገባ። የማይታይ ፕላኔት እየሳበው ነው አለ፤ ያለበትንም ቦታ ወረቀት ላይ አሰላ። ስሌቱን የላከበት ደብዳቤ በርሊን ለነበረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዮሐን ጋለ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 ደረሰ። በዚያው ሌሊት ኔፕቲዩን ተገኘ። ለቬሪዬ ካሰላው ቦታ የነበረው ልዩነት 1 ዲግሪ እንኳ አልሞላም! የሰማይ ካርታውን ቅጂ ስታሳየን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ክፉ ጎኑንም አልደበቀችም። ከሠራተኞቹ ጋር ተጣልቶ በ1870 ከመመልከቻው ዳይሬክተርነት ተነስቷል፤ በ1873 ተመልሷል። ቩልካን የምትባል ፕላኔት አለች ብሎም ተሳስቷል። የአየር ትንበያ ሥራውን ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፈችው፤ እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል።

መጨረሻው ሞንፓርናስ መካነ መቃብር ነው። መቃብሩ ላይ የሰማይ ሉል ተቀምጧል። በ1877 ያረፈው ሴፕቴምበር 23 ነው፤ ልክ ኔፕቲዩን በተገኘበት ቀን። እዚያ ቆሜ ዝም አልኩ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወፍራም ጃኬት ግን እንዳትረሱ።