የሳክስ አያያዜን ላስተካከሉልኝ ጋሼ ምስጋና፣ አንገቱንና አውራ ጣቱን ለሚያመው ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ይሄን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔ ቀን ቀን ቢሮ ሂሳብ የምሰራ፣ ሰርግ ሲገኝ ደግሞ አልቶ ሳክስ (ከቴነር የምታንሰዋን ሳክስፎን) የምነፋ ሰው ነኝ፣ አራት አመት ሆኖኛል፣ የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው። ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) አያያዙ፣ ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ) መረጣው፣ ስኬሉ ምናምኑ ሁሉንም ከዛው ነው የለቃቀምኩት። አቋቋምና አያያዝ የሚለው ቪድዮ ሲመጣ ግን ሁሌ እዘለው ነበር፣ አንገት ላይ ማንጠልጠል ምን ትምህርት አለው ብዬ ነዋ።

እና አምና ክረምት ላይ ቀኝ አውራ ጣቴ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ከተለማመድኩ በኋላ ብቻ ነበር፣ ቆይቶ ጠዋት ስነሳም ሆነ፣ ከዛ ስልኬ ላይ ሜሴጅ መጻፍ አቃተኝ፣ በደንብ የደነገጥኩት ግን የቡና ሲኒ ከእጄ ያመለጠኝ ቀን ነው። አንገቴም ከትከሻዬ ጋር ተያይዞ እንጨት ሆኗል። ማሳጅ ሄድኩ፣ ቅባት ተቀባሁ፣ ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ወጌሻ ጋ ሁሉ ሄጃለሁ (እናቴ ናት የወሰደችኝ፣ አትሳቁ)። ሀኪሙ ደግሞ አየኝና ጅማትህ ተቆጥቶ ነው ለጥቂት ሳምንት አሳርፈው አለኝ፣ አሳረፍኩት፣ ተሻለኝ፣ ሳክሱን ባነሳሁ በሶስተኛው ቀን ህመሙ ተመልሶ ከች። የአክስቴ ልጅ ከዲሲ ሀርነስ ላከችልኝ፣ ያ ክብደቱን ትከሻና ጀርባ ላይ የሚያከፋፍለው ማለቴ ነው፣ አንገቴን ትንሽ ቀለል አደረገው፣ አውራ ጣቴ ግን ወይ ፍንክች። ሳክሱን ልሸጠው ነበር እኮ፣ ፎቶ ሁሉ አንስቼለት ነበር!

አብሮኝ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነው "ከመሸጥህ በፊት እኚህን ሰውዬ እያቸው" ብሎ አፍንጮ በር አካባቢ ይዞኝ የሄደው። ስማቸውን አልጽፍም፣ "ስሜን ፌስቡክ ላይ ካወጣኸው ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ" ብለውኛል፣ ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ ናቸው። ከወታደር ኦርኬስትራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ከአልቶ የሚተልቁትን ሳክሶች፣ ቴነሩንም ባሪቶኑንም ሲነፉ ነው የኖሩት፣ ሰባን አልፈዋል ግን ሲቆሙ ብታይዋቸው እኔ ነኝ ሽማግሌው የምመስለው።

ሳክሱን ከሳጥኑ ሳላወጣው "ሀኪም አይቶሃል?" አሉኝ። አይቶኛል ስላቸው "ጎሽ፣ ቤትህስ እንዴት ሆነህ ነው የምትለማመደው?" አሉ።

አፈርኩ። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ ቁምሳጥኑን ከፍቼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳክሱን ልብሱ ውስጥ ደቅኜ ነው የምነፋው፣ ኮትና ጋቢው ድምጹን ይውጥልኛል፣ ኖቱ ደግሞ ስልኬ ላይ ነው፣ ስልኩ ፍራሹ ላይ ጉልበቴ ስር። "እስቲ እንደሱ ሆነህ አሳየኝ" አሉ። አሳየኋቸው። ዝም ብለው ዞር ዞር እያሉ አዩኝና ባለቤታቸውን ከጓዳ ጠርተው "ነይማ እዪው ይሄን ልጅ፣ ሳንቲም ጠፍቶበት ነው የሚመስለው" አሏቸው። እትዬም ከልባቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ከዛ ግድግዳ ላይ ለጠፉኝ። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻ፣ የጭንቅላቴ ጀርባ ሁሉም ግድግዳውን እንዲነካ፣ እጄ ዝም ብሎ ወደ ታች። ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው ወደ ቦታው መለሱት፣ ለካ ጆሮዬ ስር ደርሶ ነበር እኔ ሳላውቀው። "አሁን እንዲሁ እንዳለህ፣ አንገትህ ሳይነቃነቅ ሳክሱን ወደ አፍህ አምጣው።" አመጣሁት። ማውዝፒሱ መጥቶ የቆመው አገጬ ስር ነው፣ ከአፌ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ። አራት አመት ሙሉ ያቺን አራት ጣት ስሞላ የነበረው በአንገቴ ነው ማለት ነው።

"ተሸክመኸው ደግሞ ትሰግድለታለህ እንዴ?" አሉኝ። ይቺን ንግግር ቁምሳጥኔ ላይ ጽፌ ለጥፌያታለሁ።

ስትራፑን፣ ማለትም ሳክሱ አንገት ላይ የሚንጠለጠልበትን ማሰሪያ፣ ወደ ላይ ሳቡት፣ የማውዝፒሱ ጫፍ ቀጥ ብዬ እንዳለሁ ከንፈሬ መሀል እስኪመጣ ድረስ፣ በቃ ይሄው ነው። ሀርነሱስ ለምን አላዳነኝም ስላቸው እሱንም እኮ ዝቅ አድርገህ ነው ያሰርከው አሉ፣ ልክ ናቸው። ሀርነስ በተለይ ለቴነርና ለባሪቶን ጥሩ ነው፣ ቁመቱ ካልተስተካከለ ግን ህመሙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚያዘዋውረው ነው የሚሉት።

ቀጥሎ አውራ ጣት። ከሳክሱ ጀርባ በኩል ያለችው መንጠቆ አውራ ጣት ላይ የምታርፈው በጥፍሩና በመጀመሪያው አንጓ መሀል መሆን አለበት፣ እኔ ግን ጣቴን እስከ ስሩ ድረስ አስገብቼ ሳክሱን ወደ ላይ እያነሳሁበት ነበር። አልቶ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ ያንን በአንዲት አንጓ ለሶስት ሰአት ይዛችሁ ቁሙ እስቲ! ክብደቱ የስትራፑ ነው፣ አውራ ጣት ስራው ሳክሱን ከሰውነት ትንሽ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። የኔ ሳክስ መንጠቆ በብሎን የምትንቀሳቀስ አይነት ናት፣ አራት አመት ስይዛት አላውቅም ነበር፣ ጋሼ ብሎኗን በአንድ ብር ሳንቲም ፈታ አድርገው መንጠቆዋን ወደ ጣቴ አመጧት፣ ከዛ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ላይ የቆረጧትን ላስቲክ አለበሷት። ዋጋዋ ዜሮ። እኔ ለቅባት ብቻ ያወጣሁትን ሳስበው…

ሌላው ጉድ ደግሞ ጭንቅላቴ ወደ ግራ የተጣመመ መሆኑ ነው። ቁጭ ብዬ ስነፋ ሳክሱን በቀኝ ጎኔ ነው የምይዘው፣ ማውዝፒሱ ግን የተገጠመው ፊት ለፊት ለሚይዝ ሰው ነው፣ ስለዚህ ራሴን አጣምሜ ነበር የምከተለው። የኔኩን (ማውዝፒሱ የሚሰካበትን የሳክሱን ቆልማማ አንገት) ብሎን ላላ አድርጎ (ሳታላሉት እንዳታዞሩት፣ ጋሼ በዚህ ይቆጣሉ) ኔኩንና ማውዝፒሱን ወደ ራስ ዞር ማድረግ ነው፣ ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ይቀራል። ቴነር የምትነፉ ቁጭ ስትሉ ያው በቀኝ ጎን ነው የምትይዙት፣ አልቶ በጎንም በመሀልም ይሆናል እንደ ቁመታችሁ። ወንበሩ ላይ ፊተኛው ግማሽ ላይ ነው መቀመጥ፣ መደገፊያውን እርሱት፣ ሁለቱም እግር መሬት። ጣቶቻችሁ ሎሚ እንደያዘ ሰው ጎበጥ ይበሉ፣ ከቁልፎቹም ብዙ አይራቁ። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አትለጥፉት፣ እንደ ዶሮ ክንፍም አትዘርጉት። የኔ የቀኝ ክርን አሁንም ታችኛዋ ቢ ፍላት የምትባለው ኖት ላይ ስደርስ ይነሳል፣ እሱ ገና ነው።

ልክ መሆኑን የሚያዩባት ፈተና አለቻቸው፣ በጣም ወደድኳት። መሀለኛዋን ሲ ሻርፕ የምትባለዋን ኖት ንፋ ይሉሃል፣ ሳክስ ላይ ሲ ሻርፕ ምንም ሳትጫን ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ ጣቶችህ በሙሉ ይነሳሉ። የመጀመሪያ ቀን ሳክሱ እንደ ሰካራም ተወዛወዘብኝ፣ ለካ በጣቶቼ አንቄ ነበር የያዝኩት። ሳክሱ መቆም ያለበት በስትራፑ፣ በቀኝ አውራ ጣትና ማውዝፒሱ ላይ በሚያርፈው በላይኛው ጥርስ ነው፣ ሌሎቹ ጣቶች ለስራ ነጻ ናቸው። አሁን ሲ ሻርፕ ስነፋ አይነቃነቅም።

ትንፋሹስ? አንድ ቀን ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን አነሱብኝ፣ በ2008 ዓ.ም ያረፉትን፣ ሽለላንና ቀረርቶን በቴነር ሳክስ የነፉትን። "አንገቱን ደፍቶ የሚሸልል ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላየሁማ። ሸላይ ደረቱን ነፍቶ ቀና ብሎ ነው የሚሸልለው፣ ሳክሱ ላይም ያ ረጅም ሀረግ ሳይቆራረጥ እንዲወጣ ሆድና ደረት ክፍት መሆን አለበት፣ ታጥፈህ ከተቀመጥክ አየሩ የት ይግባ ነው ነገሩ። የእጅ ሰአታቸውን አውጥተው ሞከርነው፣ እንደ ድሮዬ ጎብጬ አንዷን ኖት 14 ሴኮንድ ያዝኩ፣ ቀና ብዬ 21። ያው ሳንባ ነው፣ ያው ሪድ ነው።

እኔ ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1846 (እ.ኤ.አ) ፓሪስ ላይ ፓተንት ያወጣለትን እቃ የሰው አውራ ጣት ሳያገናዝብ የሰራው ነው ብዬ ስማረር ጋሼ በጭራሽ አይቀበሉኝም። ሰልፍ ላይ ቆመህ ስትነፋ ስትራፕህ ትንሽ ከወረደ ማታ አንገትህ ይነግርሃል፣ ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የአንተ ነው ይላሉ። እሺ ይሁን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አንድም ዘፈን አልነፋሁም፣ ስትራፕ፣ ግድግዳ፣ ረጅም ኖት፣ በቃ። የቤት ስራው በቀን አስር ደቂቃ መስታወት ፊት መቆም ነበር። ቁምሳጥኑን ተው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሳቸው ግን "ጎረቤትህን አክብር፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ንፋ፣ ግን ቆመህ፣ ኖቱን በሩ ላይ ከአይንህ እኩል ለጥፈው" አሉ። ወረቀት ላይ አሳተምኩና ለጠፍኩት። በሶስተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት የነበረው መደንዘዝ ጠፋ፣ በሁለት ወሩ ደግሞ አንድ ሰርግ ላይ ሶስት ሰአት ገደማ ነፍቼ ቤቴ ገብቼ በዛው ጣት ሜሴጅ ጻፍኩላቸው። ሳውንድ የሚሰራው ልጅ ማውዝፒስ ቀየርክ እንዴ ብሎኛል፣ አልቀየርኩም። እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኙኝ ግን እትዬ ናቸው፣ ጓዳ ሆነው ቡና እየቆሉ "ዛሬስ ድምጹ ወፈረ" ያሉ ቀን።

ጋሼ፣ ይሄን ልጅዎት እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሳክሱን አልሸጥኩትም።

ለምትፈልጉ ደግሞ ሀቁን ልንገራችሁ። ክፍያቸው እኔ ለማሳጅ ከከፈልኩት ያነሰ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ዝናብ ከመጣ ቆርቆሮው ምንም አያሰማም፣ ያኔ ቁጭ ብሎ ወሬ ነው (ወሬያቸውም ትምህርት ነው፣ እውነት)። በአንድ ወር ለሰርግ አድርሱኝ የምትሉ አትሂዱ፣ አትስማሙም። ጣት የሚደነዝዛችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ሀኪም ጋ ሂዱ፣ እሳቸውም መልሰው ይልኳችኋል። የራሳችሁን ስትራፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከላስቲክ የተሰራ የሚወጠር አይነት ከሆነ ግን አይወዱትም፣ ሳክሱ ይዘላል ይላሉ። ከቢሮ ሰአት በኋላ ብቻ ነው የሚያስተምሩት፣ ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። እና ሰአት አክብሩ፣ አስር ደቂቃ ካረፈዳችሁ በሩን አይከፍቱም፣ እኔ ሁለቴ ሳክሴን ተሸክሜ ከደጃፍ ተመልሻለሁ።